የባሕር አረም ለአካባቢ ምን ይጠቅማል? ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከሞረትና ጅሩ እንዲሁም ከሸዋ ሮቢት ተማሪዎች፣ ገበሬዎችና የግብርና ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

የባሕር አረም ምንድን ነው? ተክል ነው?

በጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚያድግ፣ በዓይን የሚታይ ትልቅ ዋቅላሚ (አልጌ) ነው። ምንጭ ዳር ድንጋይ ላይ የሚያድገው፣ እግር የሚያዳልጠው አረንጓዴ ነገር የሩቅ ዘመዱ ነው ማለት ይቻላል። እንደ ገብስ ሥርና አገዳ፣ እንደ ባቄላ አበባ የለውም። ሥር የሚመስለው ጫፉ ድንጋይ ላይ መያዣ ብቻ ነው፤ ምግቡን የሚያገኘው በመላ አካሉ ከውሃው ስቦ ነው። በቀለሙ ቡናማ፣ ቀይና አረንጓዴ ተብሎ ይከፈላል፤ ዝርያው ከ10 ሺህ በላይ ነው።

እድገቱ ፈጣን ነው። ግዙፉ ኬልፕ የሚባለው ቡናማ ዝርያ ሁኔታው ሲመቸው በአንድ ቀን እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። አካሉን ቀጥ አድርጎ ለማቆም እንጨት መሥራት አያስፈልገውም፤ ውሃው ይሸከመዋል። ያገኘውን ሁሉ ለእድገት ያውለዋል።

ጣና ላይ ያለው እንቦጭም የባሕር አረም ነው?

አይደለም። እንቦጭ ጨው በሌለው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ሥርና አበባ ያለው፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የባሕር አረም ጣና ውስጥ ቢገባ ይሞታል። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ቢኖር ሁለቱም ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚመጣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲያገኙ መፋፋታቸው ነው። ይህ ነጥብ ወደ ታች ደጋግሞ ስለሚመጣ ይያዝልን።

እንዴት ይመረታል? ማን ያመርተዋል?

በብዙ ቦታ ሥራው ገመድና ጉልበት ነው። ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ ችካል ይተከላል፣ በችካሎቹ መካከል ገመድ ይወጠራል፣ በገመዱ ላይ የአረሙ ቁራጮች እየታሰሩ ይንጠለጠላሉ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይሸጣል። ማረስ የለም፣ መስኖ የለም፣ በአብዛኛው ማዳበሪያም የለም። ይህ የሞቃታማ ባሕሮች አሠራር ነው፤ ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ያሉት ኬልፕን ከችግኝ ቤት ጀምረው በወራት ያደርሱታል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ የለማው የባሕር አረም በእርጥብ ክብደቱ 35 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር። ከግማሽ በላዩ የቻይና ነው፤ ኢንዶኔዥያ ትከተላለች፤ ደቡብ ኮሪያና ፊሊፒንስም ትልቅ ድርሻ አላቸው። ከኛ የሚቀርበው ምሳሌ ዛንዚባር ነው። እዚያ ለገበያ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን ከአምራቾቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አሁን ግን የጠረፉ ውሃ እየሞቀ ዋጋ የሚያወጣው ዝርያ እየሞተባቸው ተቸግረዋል። ተመራማሪዋ ፍላወር ምሱያ ከእነዚህ ሴቶች ጋር ለረጅም ዘመን የሠሩ ናቸው፤ ከመፍትሔዎቹ አንዱ ቀዝቀዝ ወዳለው ጥልቅ ውሃ ማሻገር ነው። ያ ደግሞ ጀልባና ዋና ይጠይቃል። ለአየር ንብረት መፍትሔ ነው የሚባለው ሰብል ራሱ በአየር ንብረት ለውጥ ሲጎዳ ማለት ነው።

በጃፓን ኖሪ የሚባለው ቀይ ዝርያ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲለማ ቢቆይም ዘሩ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 እንግሊዛዊቷ ካትሊን ድሩ ቤከር የኖሪ ዘር ኦይስተርን በመሳሰሉ የባሕር እንስሳት ዛጎል ውስጥ ተደብቆ ከሕይወት ዘመኑ አንዱን ክፍል እንደሚያሳልፍ አረጋገጡ። ከዚያ ወዲህ ጃፓኖች ዘሩን በዛጎል እያሳደጉ መዝራት ቻሉ፤ ለሴትዮዋም ሐውልት አቁመውላቸዋል።

ለአካባቢ የሚሰጠው ዋናው ጥቅም ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ካርቦን ብሎ ይመልሳል። በኛ ግምት ግን በቅርብ የሚታየውና በእርግጠኝነት የሚለካው ጥቅም ውሃ ማጽዳቱ ነው። ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ባሕር ሲገባ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዋቅላሚዎች ይፈላሉ፤ ሞተው ሲበሰብሱ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣ ይሞታል ወይም ይሰደዳል። የባሕር አረም ያንኑ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ቀድሞ ይወስደዋል። ቻይና ውስጥ በተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት መሠረት የአገሪቱ የባሕር አረም እርሻዎች በዓመት 75 ሺህ ቶን ያህል ናይትሮጅንና 9,500 ቶን ያህል ፎስፈረስ ከውሃ ያወጣሉ። ናይትሮጅኑን ወደምናውቀው ብንቀይረው 1.6 ሚሊዮን ኩንታል ዩሪያ ውስጥ የሚገኘውን ያህላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይዘነጋል። አረሙ ንጥረ ነገሩን ከባሕር የሚያወጣው ሲታጨድ ብቻ ነው። ሳይታጨድ ቀርቶ እዚያው ከበሰበሰ የወሰደውን መልሶ ይሰጣል። ስለዚህ ጥቅሙ የአረሙ ብቻ ሳይሆን የአጫጁም ነው።

ሌላውን ባጭሩ፦ በገመዶቹ መካከል ትንንሽ ዓሦችና ሸርጣኖች ይጠለላሉ፤ የማዕበል ጉልበት ይቀንሳል፤ አረሙ በቀን ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ በዙሪያው ያለው ውሃ አሲዳማነቱ ይቀልላል፤ ይህም ዛጎል ለሚሠሩ እንስሳት ይጠቅማል። መሬትና የመጠጥ ውሃም አይሻማም። እነዚህ ሁሉ ግን እርሻው ባለበት አካባቢ የሚገኙ ጥቅሞች ናቸው፤ ዛንዚባር ላይ ያለ ገመድ የሕንድ ውቅያኖስን አያጸዳም።

ባሕር የሌለን ሰዎች ምን አገባን?

ዝናቡ ሲዘንብ የት እንደሚሄድ ከጣርማ በር ላይ ቆሞ ማየት ነው። በምዕራብ በኩል የወረደው በበሬሳ፣ በሞፈር ውሃና በወንጪት አድርጎ ጀማ ይገባል፤ ጀማ ከዓባይ ይቀላቀላል፤ ዓባይ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት የወረደው በሮቢና በከሰም አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ መልሱ እንደ ሸንተረሩ ይለያያል። ከጅሩ ማሳ የታጠበ ዩሪያ የባሕር ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ በመንገዱ ላይ ግድቦች፣ ረግረግና እርሻዎች ስላሉ ሜዲትራኒያን የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ከአንኮበር ቁልቁል የታጠበው ግን የሚከማቸው አገር ውስጥ ነው፤ ባሕር ላይ አረም ቢለማ አይደርስለትም። በሁለቱም በኩል የኛ ድርሻ ንጥረ ነገሩ ከማሳ እንዳይወጣ ማድረግ ነው፤ እርከን፣ የሣር መከላከያና ማዳበሪያን በወቅቱና በመጠኑ መስጠት። ባሕር ዳር ያለ ሰው ከውሃ ለማውጣት የሚደክምበትን ናይትሮጅን እኛ በብር ገዝተን ነው የምንለቀው።

ታዲያ በደብረ ብርሃን ወይም በሸዋ ሮቢት ማምረት አይቻልም?

የባሕር አረም አይቻልም። የባሕር ጨው፣ የማያቋርጥ የውሃ እንቅስቃሴና ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። በገንዳ ውስጥ ጨው በጥብጦ ማሳደግ በላቦራቶሪ ይሆናል፤ ለገበያ ግን ኪሳራ ነው። ከዚያም በላይ ጨዋማው ውሃ የሚደፋበት ማሳ ይበላሻል።

ይህን የሚጠይቁ ወጣቶች ብዙ ጊዜ በልባቸው ያለው ስፒሩሊና ነው። ስፒሩሊና የባሕር አረም አይደለም፤ በአልካላይን ሐይቅ ውስጥ የሚኖር፣ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያ ነው። ቢሾፍቱ ያለው አረንጓዴ ሐይቅና ሻላ አጠገብ ያለው ጪቱ ሐይቅ በተፈጥሮ ያበቅሉታል፤ በቻድ ሐይቅ አካባቢ ያሉ የካነምቡ ሴቶች እየለቀሙ አድርቀው ዲሄ የሚባል ምግብ ይሠሩበታል። በገንዳ ማምረቱ ይቻላል፤ ሙቀት ስለሚወድ ከደብረ ብርሃን ይልቅ ቆላው ይስማማዋል። ነገር ግን ንጽሕናውን መጠበቅ ቀላል አይደለም፤ መርዛማ ዘመዶቹ አብረው ሊገቡ ይችላሉ። ለአካባቢ አለው የሚባለው ጥቅምም ከባሕር አረም ጥቅም ጋር መምታታት የለበትም።

ሳናውቀው ቤታችን ውስጥ የባሕር አረም አለ?

ሳይኖር አይቀርም። ከቀይ ዝርያዎች የሚወጣው ካራጊናን አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ያወፍራል። አጋር የሚባለው ሌላው ምርት የሆስፒታል ላቦራቶሪዎች ጀርም የሚያሳድጉበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1881 ለሮበርት ኮህ ላቦራቶሪ ሐሳቡን ያመጡት ፋኒ ሄሰ የሚባሉ ሴት ሲሆኑ ከወጥ ቤት ልማዳቸው ነው ያገኙት። በጾም ወቅት ጄላቲን ያለበትን ለሚጠነቀቁ ሰዎች አጋር ጥሩ ምትክ ነው፤ ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ይሠራል፣ አጋር ግን ከባሕር አረም ነው።

ስለ እንቅርትና አዮዲንም ይጠየቃል። አዮዲን መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1811 ከባሕር አረም አመድ ነው። ዛሬ ግን ዓለም አዮዲኑን በብዛት የሚያወጣው ከቺሊ ማዕድንና ከጃፓን የከርሰ ምድር ጨዋማ ውሃ ነው። ደጋ ላይ ላለ ሰው መፍትሔው አዮዲን ያለው ጨው ነው፤ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ደንብ አውጥታ አስገዳጅ አድርጋዋለች። የባሕር አረም ለአዮዲን ብሎ መብላት አንዳንዱ ዝርያ ከልክ ያለፈ አዮዲን ስላለው ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት እጢ ሊያውክ ይችላል።

ለማሳችን ማዳበሪያ ይሆናል? ዩሪያንና ኤንፒኤስን ይተካል?

በባሕር ዳር አገሮች ጥንትም ማዳበሪያ ነበር። በአየርላንድ አራን ደሴቶች ገበሬዎች በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሸዋና የባሕር አረም እየደረቡ አፈር ሠርተዋል፤ ድንች ያበቀሉበት አፈር እጃቸው የሠራው ነው። ያ ግን በጋሪና በአህያ የሚጓዝ ብዙ እርጥብ አረም ነው። በመኪና ጅቡቲን አቋርጦ እነዋሪ ድረስ እርጥብ አረም ማምጣት ውሃ መጫን ይሆናል።

ወደኛ የሚመጣው በጠርሙስ ያለ ፈሳሽ ወይም ዱቄት ነው። እሱ ደግሞ ማዳበሪያ ሳይሆን ማነቃቂያ ነው። ሥር እንዲበረታ፣ ችግኝ ከድርቅና ከውርጭ ጭንቀት ቶሎ እንዲያገግም ሊያግዝ ይችላል፤ ውጤቱ ግን እንደ ሰብሉ፣ እንደ አፈሩና እንደ ምርቱ ጥራት ይለዋወጣል። በውስጡ ያለው ናይትሮጅን እጅግ ትንሽ ነው፤ በሄክታር የሚረጨው ጥቂት ሊትር የአንድ ኩንታል ዩሪያን ሥራ ሊሠራ አይችልም፤ ሒሳቡ አይገጥምም። ማንም «ዩሪያ አያስፈልግህም» ብሎ ቢሸጥልዎ አይመኑት። መሞከር ከፈለጉ በማሳዎ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ከፍለው፣ ጎኑን ሳይረጩ ትተው፣ አጭደው ይመዝኑ።

በደጋው ሰሜን ሸዋ ከሁሉ የሚያስቆጨን ሌላ ነው። እንጨት ስለሌለ ኩበቱ ምድጃ ውስጥ ይነዳል፣ የእህሉ ገለባ ለከብት ይሄዳል፣ ለአፈር የሚመለስ ነገር ይጠፋል። አሲዳማ በሆነው አፈር ላይ ኖራ፣ ውሃ በሚቋጥረው ዋልካ ላይ ማጠንፈፊያ ቦይ ከማንኛውም ጠርሙስ በፊት ይቀድማሉ። ኮምፖስት ለመሥራት የባሕር አረም መጠበቅ አያስፈልግም።

ከብት የባሕር አረም ሲበላ ሚቴን ይቀንሳል ይባላል፤ እውነት ነው? ለመንዝ በግስ?

የሚያመሰኳ እንስሳ ጨጓራ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ሣሩን ሲያፈርሱ ሚቴን ይፈጠራል፤ አብዛኛው የሚወጣውም በግሳት ነው። ሚቴን በመቶ ዓመት ሒሳብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል የበለጠ ያሞቃል። አስፓራጎፕሲስ የሚባለው ቀይ የባሕር አረም ብሮሞፎርም የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ እሱም ሚቴን የሚሠራውን ኢንዛይም ያግዳል። በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት 21 ወይፈኖች ለ147 ቀናት ከመኖ ጋር ጥቂት እየተቀላቀለ ሲሰጣቸው ሚቴኑ እስከ 82 በመቶ ቀንሷል። የሐሳቡ ጅማሬ የካናዳ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ነው፤ ባሕር ዳር የሚግጡ ላሞች ማዕበል የጣለውን አረም ሲበሉ እንደሚያምርባቸው አንድ ገበሬ አስተውሎ ነበር።

ስለዚህ እውነት ነው፤ ግን ሁሉም የባሕር አረም አይደለም። ሌሎቹ ዝርያዎች ያን ያህል አያደርጉትም። አስፓራጎፕሲስን በብዛት ማልማትም ገና አስቸጋሪ ነው፤ በየቀኑ በልክ መሰጠት ስላለበት ለግጦሽ ከብት አይመችም፤ መጠኑ ሲበዛ ከብቶች መኖ ይቀንሳሉ፤ በወተት ውስጥ የሚጨምረው አዮዲንና የብሮሞፎርም ደህንነትም ክትትል ይፈልጋል። ለኛ ገበሬ ዛሬ የሚቀርበው መንገድ ሌላ ነው። በዩሪያ የታከመ ገለባ፣ ፋጉሎ፣ ጥሩ ድርቆሽና የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት የምትበላ ላም የምትሰጠው ወተት ስለሚጨምር በአንድ ሊትር ወተት የሚደርሰው ሚቴን ይቀንሳል። በዚያ ላይ ገንዘብ ያመጣል።

የመንዝ በግን በተመለከተ አንድ የሚያስገርም ነገር እናንሳ። በስኮትላንድ ሰሜን ሮናልድሴ በምትባል ደሴት ያሉ በጎች እ.ኤ.አ. በ1832 በተሠራ ግንብ ከማሳ ተከልክለው ዓመቱን በአብዛኛው ባሕር ዳር ያለውን አረም እየበሉ ነው የሚኖሩት። አካላቸው ከዚህ መኖ ጋር ስለተላመደ መዳብ በበዛበት ሣር ላይ ቢለቀቁ ይመረዛሉ። የመንዝ በግም ብርድንና የሣር እጥረትን ችሎ መኖርን የለመደ ነው፤ አንዱ ቦታ የለመደውን በግ የሌላውን ቦታ መኖ በድንገት ማብላት አይገባም።

የተፈጥሮውን የባሕር አረም ዝም ብሎ ማጨድስ?

ይቻላል፤ በልክ ከሆነ። የኖርዌይ አሠራር ለኛ ሰው ቶሎ ይገባዋል ብለን እናምናለን። እነሱ የባሕሩን ዳርቻ በክልል ከፍለው አንዱን ካጨዱ በኋላ ለአራት ዓመት ይዘጉታል፤ በአምስተኛው ይመለሱበታል። ይህ የመንዝ ጓሳ የቀሮ ሥርዓት ነው። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳውን ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ከማጨዳቸው በፊት አካባቢውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል።

የጓሳውን ትምህርት ልብ ያለ ሰው የኖርዌዩን ድክመትም ያያል። ኬልፑ በአምስት ዓመት ተመልሶ ሊቆም ይችላል፤ በግንዱ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩት ትንንሽ ፍጥረታት ግን ሙሉ ለሙሉ ሳይመለሱ ቀጣዩ አጨዳ ይደርስባቸዋል። ጓሳ ላይም ቢሆን የሚጠበቀው ሣሩ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያሉት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ናቸው።

ፌስታልን ሊተካ ይችላል?

በከፊል። ከባሕር አረም የሚወጣ አልጂኔት የሚበሰብስ፣ እንዲያውም የሚበላ ስስ መጠቅለያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 በለንደን ማራቶን፣ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ በወጣበት ውድድር፣ ለሯጮች መጠጥ በፕላስቲክ ጠርሙስ ፋንታ ከባሕር አረም በተሠራ ከረጢት ቀርቦ ነበር፤ ነክሰው ጠጥተው ከረጢቱንም መዋጥ ይችላሉ። እርጥበት ስለማይችልና ውድ ስለሆነ ግን ጤፍና ስኳር የሚያዝበትን ፌስታል በቅርብ ይተካል ብለን አንጠብቅም። ለዚያ ዘንቢልና የጨርቅ ከረጢት አሉልን።

ጉዳት የለውም እንዴ?

አለው፤ ዋናው ምክንያት ደግሞ አለቦታው መትከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሃዋይ ወደሚገኘው ካኔኦሄ ባሕረ ሰላጤ ለልማት የገባ ቀይ ዝርያ ከእርሻ አምልጦ ኮራሉን ሸፍኖ አፈነው። በደቡብ ሕንድ ማናር ባሕረ ሰላጤም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። አገር በቀል ያልሆነ ነገር «ቶሎ ያድጋል» ተብሎ ሲመጣ ምን እንደሚያስከትል ባሕር ዛፍን የተከለና ምንጩ የደረቀበት የኛ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ምክንያት የአሠራር ዝርክርክነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ የጀልባ ውድድር ሊካሄድ ሲል የቺንግዳዎ ባሕር በአረንጓዴ ዋቅላሚ ተሸፈነ፤ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ በሰው ጉልበት ተጠርጎ ወጣ። መነሻው በጂያንግሱ ጠረፍ ካሉ የኖሪ ማልሚያ መደቦች ላይ የተለጠፈው አረንጓዴ ዝርያ ሲጸዳ ወደ ባሕር መጣሉ እንደሆነ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። አረም የታሰረበት የፕላስቲክ ሲባጎ ተበጥሶ መቅረት፣ ችካል ሲተከል የባሕር ሣር መረገጥና አንድ ዝርያ ብቻ ሲለማ የሚዛመት በሽታም አሉ።

ከእርሻ ጋር ሳይገናኝም የባሕር አረም ራሱ መቅሠፍት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሳርጋሰም የሚባለው ተንሳፋፊ ቡናማ ዝርያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚዘረጋ ቀበቶ ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር። ዳርቻ ላይ ወጥቶ ሲበሰብስ የተበላሸ ዕንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣል፤ ሰውን ያማል፣ ቱሪስት ያባርራል።

ካርቦን አምቆ የአየር ንብረት ለውጥን ይገታል? ዛፍ ከመትከል ይሻላል?

ሁለት ነገር እየተደባለቀ ነው። በተፈጥሮ ያለው የባሕር አረም ከሚስበው ካርቦን ውስጥ የተወሰነው ተሰብሮና ሟሙቶ ወደ ጥልቁ ባሕር ይሰምጣል፤ እዚያ ለረጅም ዘመን ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2016 ክራውሰ ጄንሰንና ዱዋርቴ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በዓመት 173 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ገመቱት፤ ግምታቸው ከ61 እስከ 268 ሚሊዮን የሚሰፋ ነው። ቀላል መጠን አይደለም። ሆኖም ይህ የዱሩ እንጂ የእርሻው አይደለም።

የእርሻውን እናስላው። 35 ሚሊዮን ቶን እርጥብ አረም ሲደርቅ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ ካርቦኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ቶን ያህል ነው። የሰው ልጅ ከከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ በዓመት የሚለቀው ካርቦን 10 ቢሊዮን ቶን ያህል ነው። ሁሉም የለማ አረም ለዘላለም ቢቀበር እንኳ ከ10 ሺህ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው። ደግሞም አይቀበርም፤ ይበላል፣ አይስክሬም ውስጥ ይገባል፣ ካርቦኑም በወራት ውስጥ ወደ አየር ይመለሳል። ሆን ብሎ አልምቶ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ማስመጥ የሚል ሐሳብ አለ፤ ታች ሲበሰብስ ኦክስጅን መጨረሱ ያሰጋል፤ ስንት እንደቀረ መለካትም እጅግ ከባድ ነው። የእርሻው ትርፍ የሚመጣው በተዘዋዋሪ ነው፦ ብዙ ካርቦን የሚያስወጣ ሌላ ምርት ሲተካ፣ ወይም የከብት ሚቴን ሲቀንስ።

ከዛፍ ጋር ማወዳደሩ ስለዚህ አይረዳም። ወፍ ዋሻ ጫካ ያለው ጽድ ካርቦኑን በግንዱና በሥሩ ለመቶ ዓመታት ይዞ ይቆማል፤ ዙሪያውን በሜትር ለክቶ ማወቅ ይቻላል፤ ምንጭ ይጠብቃል፤ አፈር ይይዛል። የባሕር አረም እነዚህን አያደርግም፤ ጽድም የባሕር ውሃ አያጸዳም። «የካርቦን ሽያጭ» የሚል ውል ይዞ የመጣ ሰው ካለ፣ ስለ ዛፍም ሆነ ስለ ባሕር አረም፣ ከመፈረም በፊት የሚጠየቀው አንድ ዓይነት ነው፦ ካርቦኑ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ማን ይለካዋል፣ ቢቃጠል ወይም ቢታጨድ ተጠያቂው ማን ነው፣ ከክፍያው ለቀበሌው የሚደርሰውስ ስንት ነው። መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠ ውሉ ይቆይ።